የጀርመንኛ የሳይንስ መጽሔት በአማርኛ ጭንቅላት እንዴት ይነበባል?

ቢ2 የሚባለውን የጀርመንኛ ደረጃ ያለፈ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞክረዋል። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው መጻሕፍት መሸጫ ይገባል። ሽፋኑ ላይ ፕላኔት ወይም አንጎል ያለበት መጽሔት አንስቶ ይገዛል። ቤት ሲደርስ ሁለት አንቀጽ ያነባል፣ ስልኩን አውጥቶ መተርጎም ይጀምራል፣ ይሰለቸዋል። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ የድስት ማስቀመጫ ነው።

እኔ ማንሃይም ከተማ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ የቋንቋ አስተማሪም አይደለሁም። ግን የጀርመንኛ የሳይንስ መጽሔት ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። በዕረፍት ሰዓት ገልጬ ስቀመጥ ባልደረቦቼ «ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል። የኛ ሰዎች ደግሞ «እንዴት ነው የሚገባሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። ምክሬ አጭር ነው፦ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ በቀጥታ ሂዱ፣ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ። ቀሪው ዝርዝር ነው።

የቱን ልግዛ?

ሁሉም የሳይንስ መጽሔት ይባሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ሽፔክትሩም ዴር ቪሰንሻፍት ከ1978 ጀምሮ ይወጣል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የተጀመረው የአሜሪካው ሳይንቲፊክ አሜሪካን የጀርመንኛ እትም ሆኖ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሃይደልበርግ ነው፣ ከኛ ከተማ በኤስባን ባቡር ቅርብ። ከረጃጅሞቹ ጽሑፎች ብዙዎቹን የሚጽፉት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። ይህ ሰውን ያስፈራል። ለኛ ግን ይቀላል ባይ ነኝ። ተመራማሪ ሲጽፍ ቃል አያሽሞነሙንም። አንዴ «ሴል» ካለ እስከ መጨረሻው «ሴል» ነው።

ቢልት ዴር ቪሰንሻፍትን በ1964 የመሠረተው ሃይንዝ ሃበር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። አሜሪካ ሄዶ ለዋልት ዲዝኒ የሳይንስ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል፣ ተመልሶ ደግሞ በጀርመን ቴሌቪዥን ሳይንስ ለሕዝብ ያስረዳ ነበር። የተወለደው ማንሃይም ስለሆነ ትንሽ አደላለታለሁ። ይህን መጽሔት በአብዛኛው ጋዜጠኞች ናቸው የሚጽፉት፤ ጽሑፎቹም አጠር ይላሉ።

ጌኦ ከ1976 ጀምሮ ሃምቡርግ የሚዘጋጅ ነው። ፎቶዎቹን አይቶ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል ሰው ይሸወዳል። ጌኦ ትረካ ይወዳል። የተራራ ጭጋግ ለመግለጽ ብቻ ቅጽል በቅጽል ላይ ይደረድራል። ለማየት ግሩም ነው፤ ለቋንቋ ልምምድ ግን እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ገና ቢ1 ላይ ያላችሁ ጌኦሊኖን ያዙ። አዎ፣ የልጆች ነው። የሚያፍር ሰው ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጥፎ ያንብብ።

ሰማይና ኮከብ ለሚወድ ሽቴርነ ኡንት ቬልትራውም አለ። ስለ አእምሮና ሥነ ልቦና ለሚወድ ጌሂርን ኡንት ጋይስት አለ። ሁለቱም ከሽፔክትሩም ቤት ናቸው።

ከመጽሔቱ ይልቅ የርዕሱ ምርጫ ይበልጣል። መጀመሪያ የምታውቁትን ነገር አንብቡ። እኔ ስለ ስኳር በሽታና ስለ በሽታ መከላከያ ጀመርኩ፤ ግማሹን ሥራዬ አስቀድሞ አስተምሮኛል። መኪና ፋብሪካ የሚሠራ ስለ ባትሪ ይጀምር። ስለ ኳንተም ፊዚክስ የማወቅ ጉጉታችሁን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው እትም አቆዩት።

ቅንፍ ክፈቱ

አሁን ዋናው ጉዳይ። እንዲህ ዓይነት ሐረግ በየገጹ አለ፦

«ዴር ፎር ሩንት 66 ሚሊዮነን ያረን አውፍ ዴር ሃልብኢንዘል ዩካታን አይንገሽላገነ አስቴሮይድ»

ቋንቋ ትምህርት ቤት ይህን ሲያይ ፊቱ የማይጠቁር የለም። ከ«ዴር» እስከ «አስቴሮይድ» ያለው ርቀት! በእንግሊዝኛ ለመረዳት የሚሞክር ሰው ሐረጉን ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ አለበት። እናንተ ግን ሳትነኩት እንዳለ በአማርኛ አስቀምጡት፦ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ላይ የወደቀው አስትሮይድ። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መቼ፣ የት፣ ምን ያደረገው፣ ማን። «አይንገሽላገነ» ማለት «የወደቀው» ነው፣ የተቀመጠበት ቦታም የ«የወደቀው» ቦታ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። «ዴር»፣ «ዲ» ወይም «ዳስ» አይታችሁ ስሙ ወዲያው ካልመጣ፣ በምትኩ «ፎር»፣ «ፎን»፣ «አውፍ» ወይም «ኢን» ከመጣ፣ እዚያው በእርሳስ ቅንፍ ክፈቱ። ቅንፉ የሚዘጋው ግሱን የሚመስለው ቅጽል አልፎ ስሙ ሲመጣ ነው። ውስጡ ያለውን ሳትገለብጡ አንብቡ። የ«ዴር» ሥራ በአማርኛ መጨረሻ ላይ በምትመጣዋ «ው» ይሸፈናል።

«ቫይል»፣ «ኦብ» እና በሁለት ኤስ የሚጻፈው «ዳስ» ሲመጡ ደግሞ ግሱ መጨረሻ ይሄዳል። የኛ አስተማሪ ይህን ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ ቀስት ስትስል ትውል ነበር። ግስ መጨረሻ ሲመጣ አማርኛ ተናጋሪ ምን ይገርመዋል?

እኛ የምንቸገረው ሌላ ቦታ ነው። ዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ይቀመጥና ቁራጩን ወደ መጨረሻ ይልካል። መጀመሪያው ላይ «ሽቴልት» ካያችሁ፣ አትተርጉሙት። ቀጥታ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሂዱ። እዚያ «ፌስት» ካለ ደረሰበት፣ አረጋገጠ ነው። «ሄር» ካለ አመረተ ነው። «ዳር» ካለ ደግሞ አሳየ፣ ወይም ሆነ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱን ቁራጮች በእርሳስ አገናኟቸው።

ረጃጅሞቹ ቃላት

ሥራ ላይ በየቀኑ የምይዘው ዕቃ አለ፦ ብሉትጹከርሜስጌሬት። ቁረጡት። ብሉት ደም፣ ጹከር ስኳር፣ ሜስ መለኪያ፣ ጌሬት መሣሪያ። የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ። አራቱም ቁራጭ በየተራው ነው የመጣው። መጽሔት ላይ «ግራቪታሲዮንስቬለንዴቴክቶር» ሲመጣም ያው ነው፦ የስበት ሞገድ መመርመሪያ። ዋናው ነገር የመጨረሻው ቁራጭ ነው፤ ዴር ይሁን ዲ ወይም ዳስ የሚወስነውም እሱ ነው። መሃል የምትገባዋ «ስ» ማያያዣ ብቻ ናት፣ ትርጉም አትፈልጉላት።

የት ላይ እንደሚቆረጥ ከጠፋችሁ፣ ዴ-ቬ-ዴ-ኤስ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ። የሚያዘጋጀው የበርሊን ብራንደንቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ነው። ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ ለያይቶ ያሳያል።

ቁጥር ላይ ቀልድ የለም

ጀርመኖች ነጥብና ኮማን አለዋውጠው ነው የሚጠቀሙት። 3,5 ማለት ሦስት ነጥብ አምስት ነው። 1.500 ማለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። መድኃኒት የምንሰጥ ሰዎች ይህን ገና ስንገባ ነው የሚያስጠነቅቁን።

የባሰው ግን ትልልቁ ቁጥር ነው። ከሚሊዮን ቀጥሎ «ሚሊያርደ» ይላሉ፤ ይኸ የኛ ቢሊዮን ነው። እነሱ «ቢሊዮን» ሲሉ የኛ ትሪሊዮን ነው። የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት! አጽናፈ ዓለም በጀርመንኛ ዕድሜው 13,8 ሚሊያርደን ዓመት ነው፣ በአማርኛ 13.8 ቢሊዮን። የብርሃን ዓመት በጀርመንኛ 9,46 ቢሊዮነን ኪሎ ሜትር ነው፣ በአማርኛ 9.46 ትሪሊዮን። በ2016 የወጣ አንድ የታወቀ ግምት በሰውነታችን ውስጥ 38 ቢሊዮነን ያህል ባክቴሪያ አለ ይላል፤ እሱም የኛ 38 ትሪሊዮን ነው።

ቃሉ ስለሚመሳሰል ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ «ሚሊያርደ» ባየሁ ቁጥር ከላዩ 9 እጽፋለሁ፣ «ቢሊዮን» ባየሁ ቁጥር 12። የዜሮዎቹ ብዛት ነው።

ማን ነው ያለው?

ይኼኛውን ክፍል ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ የመጽሔቱ ሐቀኝነት የሚታየው እዚህ ነው።

ተረኛ ስንቀያየር «ታካሚው ብዙ መጠጣት ዞል» ከተባልኩ ትእዛዝ ነው። ሐኪሙ ብሏል፣ ብዙ ይጠጣ። መጽሔት ላይ ግን «ዳስ ሚተል ዞል ዴን ብሉትድሩክ ዜንከን» ሲል «መድኃኒቱ የደም ግፊት መቀነስ አለበት» ማለት አይደለም። «ይቀንሳል ተብሏል» ነው። አንዳንዴም «እንዲቀንስ ታስቦ የተሠራ ነው»። በሁለቱም መንገድ ጸሐፊው «እኔ አላረጋገጥኩም» እያለ ነው።

ቀጥሎ «ዛይ» እና «ሃበ» አሉ። በ«ኢስት» እና በ«ሃት» ቦታ ይገባሉ። በዎርዳችን እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም፤ በጽሑፍ ግን ሞልቷል። አማርኛው «ብለዋል» ነው። የተመራማሪዋ ስም አንዴ ከላይ ይጠቀሳል። ከዚያ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር በ«ዛይ» እና በ«ሃበ» ይቀጥላል። ያ ሁሉ የእሷ ቃል ነው እንጂ የመጽሔቱ አይደለም። «ኢስት» ሲመለስ ነው መጽሔቱ ራሱ መናገር የጀመረው።

እኔ ዳር ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። በ«ዛይ» ለተባለው የተቆራረጠ መስመር፣ በ«ኢስት» ለተባለው ሙሉ መስመር። አንዳንዱ ጽሑፍ አልቆ ዳሩን ሳየው ሁሉም የተቆራረጠ ነው። ያኔ አንድ ሰው አስተያየቱን ሰጠ እንጂ ገና የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ ይገባኛል። ርዕሱ ግን በትልቁ «አዲስ ግኝት» ይል ነበር።

ትንንሾቹንም አትዝለሉ። «ቮል» ስታዩ «ሳይሆን አይቀርም» በሉ። «ኦፈንባር» ስታዩ «እንደሚመስለው»። «ቢስላንግ» ስታዩ «እስካሁን»። እነዚህን ዘሎ ያነበበ ሰው ግምቱን ሁሉ ሐቅ አድርጎ ለጓደኞቹ ያወራል።

አንድ ጽሑፍ ይዞ መቀመጥ

ከመጀመሪያው መስመር አልጀምርም። መጀመሪያ ርዕሱንና ከሥሩ ያለውን መግቢያ አነባለሁ። ሽፔክትሩም ላይ ከሆነ «አውፍ አይነን ብሊክ» የሚል ሳጥን እፈልጋለሁ፤ የጽሑፉ ፍሬ ነገር እዚያ በጥቂት ነጥብ ተቀምጧል። ሳጥኑ እስኪገባኝ ድረስ አላልፍም። ለዚህ ብቻ ስልክ አውጥቶ ቃል መፈለግ ይፈቀዳል።

ከዚያ ሥዕሎቹ። የሥዕል ሥር ጽሑፎች በአጭሩ የተጻፉ ናቸው፣ ሥዕሉ ራሱም ያግዛል። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ። ታሪኩ የት እንደሚደርስ ካወቃችሁ መሃል ላይ ብትጠፉም ትመለሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ከመጀመሪያው መስመር የሚነሳው፤ በዚህ ዙር ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ያልገባችሁን ቃል ክበቡትና እለፉ። ያው ቃል በሦስት አንቀጽ ከተመለሰ መዝገበ ቃላት ይገባዋል። አንዴ ታይቶ የጠፋ ቃል ይሂድ፣ አትከተሉት።

አዲስ የሙያ ቃል በግድ አማርኛ አታድርጉት። «ፕሮቲን» ፕሮቲን ነው። በቀጥታ ወደ አማርኛ ሂዱ ስል ስለ ዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው የማወራው።

ስትጨርሱ ለአንድ ወዳጃችሁ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩ። በአማርኛ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ምን እንዳነበባችሁ። እኔ ለእህቴ ነው የምልከው፤ ወደደችም ጠላችም። ከዚያ ራሳችሁ መልሳችሁ ስሙት። «ምናምን» ያላችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። «ከዚያ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ምናምን ያደርግና…» ካላችሁ ወደዚያ አንቀጽ ተመለሱ። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ከአንድ እትም ሁለት ረጅም ጽሑፍ በደንብ ካነበባችሁ ዋጋውን አውጥታችኋል። ሽፋን እስከ ሽፋን ካልጨረስኩ የሚል ግዴታ የለም። ጊዜ ሲያጥር አጫጭር ዓምዶች አሉ። ሽፔክትሩም ላይ ፍሎሪያን ፍራይሽቴተር የተባለው ኦስትሪያዊ የሥነ ፈለክ ሰው ስለ አንድ የሒሳብ ቀመር ይጽፋል። ሽሊሽቲንግ የተባለው የፊዚክስ ሰው ደግሞ በየዕለቱ የምናያቸውን ነገሮች በፊዚክስ ይፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው እኔ ከሽሊሽቲንግ ዓምድ ጀምር ነው የምለው።

ጤና ነክ ከሆነ

ሁለት ነገር ብቻ። «አን ሞይዘን» የሚል ፈልጉ፤ ሙከራው በአይጥ ላይ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ርዕሱ ላይ አይገኝም፣ መሃል ላይ ነው ያለው።

ሌላው ፐርሰንት ነው። «ስጋቱ በ100 ፕሮጸንት ጨመረ» ሲል ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። በ1995 ብሪታንያ ውስጥ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ደም የመርጋት አደጋን እጥፍ ያደርጋሉ ተብሎ ሴቶች በድንጋጤ እንክብሉን አቋረጡ። እጥፉ ሲፈታ ከ7000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ነው። ይህን ምሳሌ ደጋግሞ የሚያነሳው ጌርድ ጊገሬንጸር የተባለው የበርሊን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከ2012 ጀምሮ «ኡንሽታቲስቲክ ዴስ ሞናትስ» በሚል ስም በየወሩ አንድ የተበላሸ የስታቲስቲክስ ዜና እያነሱ ይተቻሉ። አጭር ነው፣ በነጻ ይነበባል፣ አንዳንዴም ያስቃል።

ሳይገዙ ማንበብ፣ ገዝቶም መውጣት

የከተማው ቤተ መጻሕፍት እነዚህ መጽሔቶች በብዛት አሉት። አዲሱን እትም ብዙ ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፤ የቆዩትን ግን ቤት ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ «ኦንላየ» በሚባለው አገልግሎት በስልክም የሚገኙ መጽሔቶች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ እንደ ከተማው ይለያያል። መንገድ ዳር ያሉትን የመጻሕፍት ቁም ሣጥኖችና «ጹ ፌርሸንከን» (በነጻ የሚሰጥ) የተጻፈባቸውን ካርቶኖችም እዩ። ለቋንቋ ልምምድ የቆየ እትም ምንም አይልም። ለጤና ምክር ግን ዓመቱን ሳያዩ ማንበብ አይበጅም።

በእርሳስ የሚያሰምር ሰው ግን የራሱ መጽሔት ያስፈልገዋል። ተማሪ ከሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የተማሪ ዋጋ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «ፕሮበአቦ» የሚሉትን የሙከራ ደንበኝነት ደግሞ በጥርጣሬ ዓይን እዩት። ጥቂት እትም በርካሽ ይሰጧችኋል፤ በተባለው ቀን ካልሰረዛችሁ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ሙሉ ደንበኝነት ይዞራል። አንዲት ባልደረባዬ ስለ አንድ መጽሔት ጨርሳ ረስታ ሳለ ከባንኳ ሒሳብ ሲቆረጥ ነው ያወቀችው። የመሰረዣውን ቀን የፈረማችሁ ዕለት ስልካችሁ ላይ ሙሉት።

ሕጉ አሁን ከእናንተ ጋር ነው። በኢንተርኔት የገባችሁበትን ደንበኝነት የመጀመሪያው እትም እጃችሁ ከገባ በኋላ ባሉት 14 ቀናት ያለ ምክንያት መተው ትችላላችሁ። ከመጋቢት 2022 ወዲህ በተፈረመ ውል ደግሞ የመጀመሪያው ዘመን ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይቻላል፤ እንደ ድሮው ሌላ ዓመት አይቆልፉባችሁም። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድረ ገጹ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ገጹ እታች፣ በትንንሽ ፊደል ነው የሚገኘው።

ቁልፉ ካልተገኘ ኢሜይል ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩ ይኼ ነው፦ «ሂርሚት ኪዩንዲገ ኢሽ ማይን አቦ ጹም ኔክስትሜግሊሸን ጻይትፑንክት»። የደንበኛ ቁጥራችሁን ጨምሩ፣ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን የያዘ ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣም ኢሜይሉን አታጥፉ።